በገና ፍለጋ፦ የስድስት ቀን የአዲስ አበባ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሆሳዕና የተነሣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሦስት ነን፤ የኮሌጃችን የሙዚቃ ክፍል መምህራን በሙሉ። ኮሌጃችን ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ናትና ሦስታችን አንድ ላይ ስንወጣ የክፍሉ በር ይቆለፋል። ዲኑ ቅር ቢላቸውም አልከለከሉንም። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው «ለማስተማሪያ መሣሪያ ግዢ» የሚል ነው። ከደብዳቤው ጀርባ ግን ሁለት ዓመት የቆየ ክርክር አለ።

የጸሎት ቤታችን መዘምራን የሚዘምሩት በኪቦርድ ታጅበው ነው። የሚጫወቱት ሲስተር ናይሮቢ የተማሩ፣ እጃቸው የጠራ፣ ምታቸው የማይዛነፍ ሰው ናቸው። ልጆቹ ግን፣ በተለይ ከአገራችን ቅኝቶች አንዱ በሆነው በአንቺ ሆዬ የተሠራ መዝሙር ሲመጣ፣ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ይላሉ። ብቻቸውን ሲዘምሩት ሆድ የሚያባባው ዜማ ኪቦርዱ ሲገባበት ይሻክራል። ሲስተር «ጆሯቸው ገና አልሠለጠነም፤ በልምምድ ይስተካከላል» ይላሉ። ሦስተኛው ባልደረባችን ጋሽዬ ደግሞ «ጆሯቸውማ ደኅና ነው! መሣሪያው ነው ቋንቋቸውን የማያውቀው» ብለው ይቆጣሉ።

ጋሽዬ ያደጉት እምድብር አካባቢ ነው። እዚያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ ዜማን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከካህናት አፍ እየተቀበሉ አድገዋል። የሆሳዕና ሀገረ ስብከት ግን የላቲን ሥርዓት ተከታይ ነው። ስለዚህ እኚህ ሰው ያን ሁሉ ዜማ በሆዳቸው ይዘው ከእኛ ዘንድ ሃያ ዓመት አስተምረዋል። እኔ ሶልፌዥ፣ ማለትም ኖታን በድምፅ ማንበብ፣ እና የመዘምራን ልምምድ ነው የማስተምረው። በሁለቱ መካከል ቆሜ፣ አንዱን ስሰማ ለአንዱ፣ ሌላውን ስሰማ ለሌላው እየፈረድሁ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጆቹ ደግሞ መልስ ይጠብቃሉ።

የያዝነው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ይገዛል። ሲስተር የሚሹት ሁለተኛ ኪቦርድ ነው፤ ጋሽዬ የሚሹት በገና።

በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከቀትር በኋላ ገባን። ሲስተር ወደ ማኅበራቸው ቤት ሄዱ። ጋሽዬና እኔ ፒያሳ አቅራቢያ ባለች ፔንሲዮን አንድ ክፍል ያዝን፤ የጾም በየዓይነቱ በልተን ተኛን። ሌሊት ስነቃ ጋሽዬ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብለው ያዜማሉ። ጸሎት መሆኑ ገብቶኝ ዝም ብዬ ሰማሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ጠዋት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄድን። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከግቢው ቆሞ ለሚሰማ ሰው ሁሉም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከአንዱ መስኮት ፒያኖ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፣ ከሌላው መለከት አንድን ሐረግ እየደጋገመ ይወድቃል ይነሣል፣ ከሦስተኛው ማሲንቆ። ሙዚቃ ላላስተማረ ሰው ጫጫታ ነው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እኛ ጋ ሦስት መምህራን በአንድ ክፍል ተራ እየጠበቅን ነው የምናስተምረው።

የዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። አሜሪካ ሄደው የምዕራቡን ሙዚቃ በወጉ ተምረው ሲያበቁ፣ ጥናታቸውን ያዞሩት ወደ ኢትዮጵያና ወደ አፍሪካ ሙዚቃ ነው። የእኛን የሦስታችንን ክርክር እኚያ ሰው በአንድ ራሳቸው ውስጥ ተሸክመውት እንደኖሩ ይሰማኛል።

አንድ የማሲንቆ መምህር «እንግዶች ናችሁ፤ ግቡ» ብለው አስገቡን። ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ነበረች። መምህሩ አንድ ሐረግ በድምፃቸው ያዜማሉ፤ ልጅቱ በማሲንቆዋ ትመልሳለች። ስትስት አይናገሩም። ያንኑ ሐረግ መልሰው ያዜማሉ። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ራሱ ፈልጎ አገኘው፤ ፊቷ በራ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ «ትክክል» ወይም «ስሕተት» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ «አይደለም!» እንደምል አስታወስሁና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት።

ትምህርቱ ሲያበቃ ክርክራችንን ነገርናቸው። መምህሩ የማሲንቆውን አንዲት የጭራ አውታር እየነኩ እንዲህ አሉን፦ «እዚህ ላይ ምልክት የለም። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚነግረው ጆሮ ነው። ፒያኖ ግን መንገዱ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ከአንዱ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ድረስ ያለው ርቀት አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ተከፍሏል። የእኛ ዘፋኝ በአንቺ ሆዬ ውስጥ የሚስባት ድምፅ አንዳንዴ በሁለት ቁልፎች መካከል ትወድቃለች። ቁልፍ የላትም።»

ጋሽዬ በደስታ ጭኔን መቱኝ። ሲስተር ግን ረጋ ብለው ጠየቁ፦ «ልጆቼ እዚህ መጥተው መማር ቢፈልጉ፣ ኖታ ማንበብ ሳይችሉ ይሆንላቸዋል?»

«ይቸገራሉ፤ በጣም ይቸገራሉ» አሉ መምህሩ።

ከግቢው ስንወጣ ሦስታችንም ዝም አልን። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ማስረጃ አግኝተው ነበር።

በመንገድ ላይ ስለ ቅዱስ ያሬድ አሰብሁ። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላትን ትል አይቶ መመለሱን ልጆቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ስለ ትሏ ብዙ እንናገራለን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መምህሩ ጌዴዎን ነው። ገርፎ ያባረረው ልጅ ተመልሶ በሩ ላይ ሲቆም በሩን የከፈተለት እሱ ነው። ያን ቀን በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ድጓውን ማን ይሰጠን ነበር?

ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ ነበርን። በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መቀመጫ የሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይዟል። የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ዘንድ ረጅም ጊዜ ቆየን። እምቢልታዎቹን ሳይ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ጣት የሚከደንበት ቀዳዳ የላቸውም፤ አንዱ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም። አንደኛው ሲያቆም ሁለተኛው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ይመልሳል፤ ዜማው በሰዎቹ መካከል ነው የሚሠራው። ለመዘምራን ትምህርት ከዚህ የበለጠ መነሻ አላውቅም፤ በመስከረም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በዚህ እጀምራለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ሃሊም ኤል ዳብ የተባሉ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ከየአገሩ የመጡ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንት፣ የበገናና የእምቢልታ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ ሰበሰቡ። እያንዳንዱ በየመንደሩ፣ በየድምፁ ተቃኝቶ የኖረ መሣሪያ ነው፤ ከሌላው ጋር መግጠም ነበረበት። ኋላ ተስፋዬ ለማ ተረክበው ብዙ ዓመት መሩት። እነዚያ የመጀመሪያ ልምምዶች ምን ይመስሉ እንደነበር ብሰማ ብዙ ነገር እሰጣለሁ። በዚያው 1963 በዲሴምበር ወር ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ የየሕዝቡ የሙዚቃ ወግ ተገቢ ክብር እንዲሰጠው፣ የቧንቧ ኦርጋን እየተከበረ ሌሎች መሣሪያዎችም ለአምልኮ እንዲገቡ ፈቀደ። ጋሽዬ ይህን ድንጋጌ በቃላቸው ያውቁታል። ሲስተርም ያውቁታል፤ አንዱ የሚጠቅሰው ስለ ሕዝቡ ወግ የሚለውን፣ ሌላኛዋ የሚጠቅሱት ስለ ኦርጋኑ የሚለውን ነው።

አራት ኪሎ ስንደርስ ሲስተር አንድ ነገር አስታወሱን። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ከካናዳ የመጡ ጀስዊቶች ነበሩ፤ አለቃቸው ሉሲየን ማት። ካህናት ሆነው ሳለ የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር በኮትና በከረባት ነበር የሚያስተምሩት። «የያዙትን አልጣሉም፤ ግን ልጆቹ ወዳሉበት መጥተው ነው ያስተማሩት» አሉ ሲስተር። ለማን እንደተናገሩት አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ፒያሳን ከሦስት ዓመት በኋላ ማየቴ ነው፤ ብዙ የማውቃቸው ቤቶች የሉም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል። ሻይ የጠጣሁበትን ቤት ፈልጌ አጣሁት። ሀገር ፍቅር ቴአትር ግን በቦታው አለ፤ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ማኅበር ነው።

ጠዋቱን ያዋልነው በአርመኖች ታሪክ ነው። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በእኛ ዘንድ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ የመንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ መጥተው በዚህች ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሩ፤ መዘምራን አቋቋሙ፣ ባንድ አሠለጠኑ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞችን መሩ፣ በያሬድ ትምህርት ቤትም አስተማሩ።

ከቸርችል ጎዳና ወርደን በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ ከድንጋዩ አንበሳ አጠገብ ቆምን። በዚህ ቤት የዘፈኑትን ድምፃውያን አገር ያውቃቸዋል፤ ፎቶግራፋቸው በየካሴቱ ላይ ነበር። ድምፃዊው ከመድረክ በፊት ማን ዘንድ ቁጭ ብሎ ተማረ? ትንፋሹን የት እንዲወስድ ማን ነገረው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነርሲስ የኢትዮጵያን ቅኝት ከባንድ መሣሪያ ጋር ለማስማማት ዓመታት ደክመዋል። ሲስተር ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ የኔን ሥራ ነው የሠሩት» አሉ። ጋሽዬ «አዎ፤ ግን መጀመሪያ ቅኝቱን ተማሩ» አሏቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሳይቆጡ ተነጋገሩ።

ከሰዓት በኋላ በገና ፍለጋ ገባን። ከአንድ የስጦታ ዕቃ ቤት ያማረ በገና አወጡልን፤ በመስቀል የተጌጠ፣ ቀለሙ የሚያበራ። ጋሽዬ መቃኛውን ሲያዞሩት አውታሩ ውጥር ሳይል መልሶ ላላ። ደገሙት፤ እንደገና ላላ። ገበቴውን በጣታቸው መቱትና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይህ ለግድግዳ የተሠራ ነው» ብለው መለሱት። ነጋዴው ዋጋ ቢቀንስም ጋሽዬ ዞር አላሉም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀዘን ነበር፤ ዳዊት የተጫወተበት ተብሎ በልጅነታቸው የተነገራቸው መሣሪያ ድምፅ ሳይኖረው ሲሸጥ ማየት ከበዳቸው።

ማታ ሲስተር ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አወሩን። በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የጀመሩ፣ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የተማሩ፣ ኋላ መንነው ፒያኖን ለጸሎት ያዋሉ መነኩሲት። ያረፉት በኢየሩሳሌም ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በዚሁ በመጋቢት ወር። «የሳቸው ፒያኖ ላይ የኛን ቅኝት ሰማሁት» አሉ ሲስተር፤ «በቁልፎቹ መካከል የሌለውን ድምፅ በጊዜ ነው የሚፈልጉት። ያዘገያሉ፤ ያስጠብቁሃል። እኔ ያን አልችልም። እስካሁን አልቻልሁም።» ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ኪቦርዱን የሙጥኝ ማለታቸው ከግትርነት የመጣ ይመስለኝ ነበርና አፈርሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የያሬድ ትምህርት ቤት መምህሩ የጠቆሙንን ሠሪ ፍለጋ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤ በሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ጣሪያው ሥር የተወጠረ ቆዳ። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቃላቸው አጭር ሰው ናቸው።

መሣሪያውን ክፍል በክፍል አሳዩን። ከታች ገበቴው፣ በቆዳ የተሸፈነው፤ ከሁለት ወገን ምሰሶዎቹ፤ ከላይ ቀንበሩ፤ ከቀንበሩ ወደ ታች የወረዱት አሥሩ የጅማት አውታሮች፤ አውታሮቹ የሚያርፉበት በርኩማ። በርኩማውና አውታሩ በሚነካኩበት ቦታ ላይ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። የበገና ድምፅ ንብ እንደሰፈረበት ቀፎ የሚያምመው በእሷ ነው። ሠሪው አንዷን እንዚራ በጥፍራቸው ጫፍ ለማየት የማይቻል ያህል ገፋ አደረጓት፤ የደረቀው አውታር ወዲያው ነፍስ ዘራ። መለስ ሲያደርጓት ዝም አለ።

«በአሥሩም ነው የሚመታው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አይደለም ልጄ። የሚመታው በግማሹ ያህል ነው። የቀሩት ጣትህ መትቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው።»

ማረፊያ ያለው መሣሪያ! ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ የሚቸገሩት በዕረፍት ነው፤ ዝምታው ሳያልቅ ይገባሉ። ይህን ለእነሱ ለመንገር ቸኮልሁ።

ጋሽዬ በገናውን ታቅፈው ተቀመጡ። ሊቃኙት እጃቸውን ሲዘረጉ ሽማግሌው አስቆሟቸው።

«ቆይ፤ አንቱ መጀመሪያ ያዚሙ።»

«ምን ላዚም?»

«የፈቀደዎትን። ዝቅ አድርገው። የሚመችዎትን ድምፅ ልስማ።»

ጋሽዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ከቅዳሴው አንድ ሐረግ አወጡ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ጋሽዬ ደረት አዘንብለው ሰሙና የመጀመሪያውን አውታር በዚያ ድምፅ ላይ አሠሩት፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ጋሽዬ ሲመቱት ድምፃቸውና በገናው የት እንደሚለያዩ መለየት አቃተኝ።

ቀጥሎ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ወደ ሲስተር ዞረው «እርስዎስ?» አሏቸው። ሲስተር «እኔ በገና አልመታም» ብለው ሊያልፉ ፈለጉ። «አይመቱም፤ ያዚማሉ።» ሲስተር እየፈሩ ልጆቻችን የሚዘምሩትን፣ ያንኑ የምንጣላበትን የአንቺ ሆዬ መዝሙር ጀመሩ። ያለ ኪቦርድ ሲዘምሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ሽማግሌው አውታሮቹን በሙሉ ፈትተው እንደገና ከመጀመሪያ ለሲስተር ድምፅ ቃኙት። ሥራው ብዙ ፈጀ፤ ሻይ ቀርቦ ተጠጥቶ አለቀ። ማንም አልተናገረም።

ሲስተር ያችን የምታስቸግር ድምፅ ሲነኩ አየሁ። በኪቦርዱ የሚመቷት ቦታ ላይ አልነበረችም። ጥቂት ዝቅ ብላ፣ እንደ ልጆቹ። ራሳቸውም ሰሙት፤ መሃል ላይ አቆሙ።

«እኔም እንደ ልጆቹ ነው የምዘምረው» አሉ።

ከዚያ፣ ለራሳቸው እንደሚያስረዱ ሁሉ፣ ቀጠሉ፦ «የኔም መሣሪያ እኮ በአዝራር ከፍና ዝቅ ይላል። ለሴት፣ ለወንድ፣ ለሕፃን አስተካክለዋለሁ። ግን ሁሉም ቁልፍ አብሮ ነው የሚንቀሳቀሰው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። እዚህ ግን ርቀቱን ራሱን ነው ከድምፄ የወሰዱት።» ሁለት ዓመት የተከራከርንበትን ነገር ከሦስታችን በጠራ አነጋገር ያስቀመጡት እሳቸው ሆኑ። ጋሽዬ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ የማሸነፍ ነገር አልታየባቸውም።

ሽማግሌው በገናን ከማን እንደተማሩ ጠየቅናቸው። ከጎረቤት አሉን። የአብዛኛው ሰው መንገድ ይኸው ነው። ዛሬ በዓለም የሚታወቁት ዓለሙ አጋም እዚሁ እንጦጦ በልጅነታቸው፣ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው የጀመሩት። ኋላ እሳቸው ራሳቸው በያሬድ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ከአንድ ጎረቤት ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤት ክፍል። በመካከሉ አንዱ «ልጁ ያስቸግረኛል» ብሎ በሩን ቢዘጋ ኖሮ ያ ሁሉ ይቀር ነበር።

በገናውን ለመግዛት ስንስማማ ሲስተር አንድ ቃል አስያዙን፦ «ይገዛ። ግን የኖታ ትምህርቴ አይነካም፤ ሰዓቱም አይቀነስም።» ቃል ገባን። ገንዘባችን በሙሉ ወጣ ማለት ይቻላል።

እሑድ፣ መጋቢት 7፤ መጻጉዕ

በልደታ ለማርያም ካቴድራል አስቀደስን። ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ ጾም ስለሆነ ከበሮ አልተመታም። ድምፅ ብቻ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ የተኛው ሰው ወንጌል ተነበበ። ጋሽዬ ከመጀመሪያው ተሰጥዎ ጀምሮ አብረው ሲመልሱ ጀርባቸው ቀና፣ ድምፃቸው ወጣ። ሆሳዕና ሃያ ዓመት አብሬያቸው ቆሜ ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ሲስተርም ሰሙ፤ ዞረው አዩኝ።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ የዜማ መምህር ጋ ቀርበን ሲስተር ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ ሁሉ በቃል ብቻ ነው የሚተላለፈው? መምህሩ ፈገግ ብለው መጽሐፍ ገለጡ። ከፊደሎቹ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ተጽፈዋል። አንድ በአንድ በጣታቸው አሳዩን፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት። በመካከላቸው ደግሞ ደቃቅ ፊደላት አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድን የታወቀ የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ። ይህን የምልክት ሥርዓት ያደራጁት በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው።

ስለ ምልክቱ እኔም ጋሽዬም እናውቅ ነበር። ሲስተር ግን እንዲህ ቀርበው አይተውት አያውቁም። ደብተራቸውን አውጥተው እዚያው ቆመው መገልበጥ ጀመሩ። ቅዳሴውን ያስቀደሰው ሕዝብ ወጥቶ አለቀ፤ እሳቸው አልጨረሱም። «ማንበብ ከውጭ የመጣ አድርጋችሁ ነው ሁልጊዜ የምትነግሩኝ» አሉን በኋላ፤ «የዜማ ንባብ እዚሁ እያለ!» ተናደው ነበር፤ ንዴታቸውም ትክክል ነበር። ጋሽዬ ይህን ሁሉ እያወቁ አንድም ቀን ምልክቱን ክፍል ውስጥ አላስተማሩም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ረጅም ጊዜ ቆይተው መለሱ፦ «ማንም አልጠየቀኝም። በላቲን ሥርዓት ቤት ውስጥ ማን ይፈልገዋል ብዬ ተውሁት።» በአንድ ጣሪያ ሥር ሃያ ዓመት አስተምረን ይህን ጥያቄ ሳንጠይቃቸው መቅረታችን የኔም በደል ነው።

ማታ ከፔንሲዮኑ በታች ባለ ምግብ ቤት የመስከረሙን ትምህርት አወጣን። ሲስተር ኖታውን፣ ጋሽዬ ምልክቱን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ያስተምራሉ። እኔ የመዘምራኑን ልምምድ ከእያንዳንዱ ልጅ ድምፅ እጀምራለሁ። ከአውሮፓ የመጡት መዝሙሮች በኪቦርድ ይቀጥላሉ። የአንቺ ሆዬው መዝሙር ላይ ግን ገና አልተስማማንም፤ ሲስተር እማሆይ በፒያኖ የቻሉትን እሳቸውም እስኪችሉ ሊሞክሩ ይፈልጋሉ፤ ጋሽዬ ልጆቹ እስከዚያ መጠበቅ የለባቸውም ይላሉ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከመናኸሪያ ደረስን። በገናው በጋሽዬ ጋቢ ተጠቅልሏል። ረዳቱ አይቶ «ይህ ከላይ ነው የሚጫነው» አለ። ጋሽዬ ጣሪያ ላይ ፀሐይና አቧራ ጅማቱን እንደሚያበላሸው አስረዱት፤ እሱም መተላለፊያው ላይ ማስቀመጥ እንደማይፈቀድ አስረዳቸው። እኔ ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ ብዬ ሞከርሁ፤ ቁመቱ ከፊቴ ወንበር ጋር ተጋጨ። ተሳፋሪው መቁነጥነጥ ጀመረ።

ሲስተር ከእኛ ተለይተው ወደ ትኬት መቁረጫው ሄዱ። ሲመለሱ አራት ትኬት ይዘዋል። በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር አጸዱ፣ በገናውን አቁመው በነጠላቸው ከወንበሩ ጋር አሠሩት፣ ራሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።